ረጅሟ መኪና እና ጥቁሩ ቀሚስ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ጠዋት።

ዛሬም መርፌ ተሰበረ። ትናንትም ተሰብሯል። የአልጋ ኮምፎርት ወፍራም ነው፤ ከላይ ጨርቅ፣ መሃል ጥጥ፣ ከታች ገበር። የቤታችን የስፌት መኪና ለቀሚስ የተሠራች ናት። ሦስቱን ደርቤ ስገፋላት ታቃስታለች። ክንዷም አጭር ነው። ኮምፎርቱን ጠቅልዬ በሥሯ ለማሳለፍ ስታገል ትከሻዬ ያልቃል።

ራሔል ትነግረኝ ነበር። ለዚህ ሥራ ክንደ ረጅሟ መኪና ናት የምትሆነው ትል ነበር። ሥራውን የጀመረችው እሷ ናት። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ለመድኩ። አሁን ልጄ የለችም፣ ሥራው አለ። ያልሰሙ ደንበኞቿ ዛሬም ይደውላሉ። ራሔል? ይላሉ። እኔም አቤት እላለሁ።

ማታ። ብሩክ ከቢሮ ሲመጣ ስልኩን አሳየኝ። ወንድሟ ነው፤ የቀረኝ ልጄ። መሪ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያገለገለች ረጅም መኪና ትሸጣለች። ዋጋዋ ከሰማሁት ሁሉ ግማሽ ነው። የራሔል ቁጠባና የእኔ እቁብ ቢገናኙ ይደርሳሉ። ብሩክ ደስ አለው። እኔ ፈራሁ። ደብተሬ፣ ደህና ዕቃ በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ ማን ነው? የሆነ ነገር አለባት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9።

ሄድኩ። ከኮተቤ መገናኛ፣ ከመገናኛ መሪ። መገናኛ ላይ ግፊያው ሌላ ነው፤ የታክሲው ረዳት ግን ጥቁሬን አይቶ ሰዉን ከለከለልኝ፣ ከፊት አስቀመጠኝ። ሁሌ እንዲህ ነው። ጥቁር የለበሰችን ሴት ሰው አይገፋም።

የመኪናዋ ባለቤት ወ/ሮ ጽጌ ይባላሉ። በዕድሜ ይበልጡኛል። መኪናዋ ሳሎናቸውን ሞልታዋለች። አንሶላ ለብሳለች። ሲገልጧት ቀረብኩ። ኮምፎርቱ በብረት ዘንግ ላይ ይወጠራል፣ ካለበት አይነቃነቅም። የምትሄደው መኪናዋ ራሷ ናት፣ በሐዲድ ላይ። ሁለቱን እጀታ ይዞ ወደፈለጉት መንዳት ነው። ቀለሟ አልተላጠም። እጀታዋ ላይ የእጅ ወዝ የለም። ያገለገለች ይሏታል፤ ማንን ነው ያገለገለችው?

ለምን እንደሚሸጧት ጠየቅኩ። ቦታ ያዘችብኝ አሉ። ዓይናቸው ቀሚሴ ላይ ነው። ማን እንደሞተብኝ ጠየቁ። ልጄ አልኩ። መቼ አሉ። ዓመት ከአራት ወር። ራሳቸውን ነቀነቁ። አንሶላውን መልሰው አለበሷት።

ነገሩን አልወደድኩትም። መኪናዋን ከልክ በላይ ወድጃታለሁ። ሁለቱም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11።

ሙሉጌታን ይዤ ሄድኩ። የስፌት መኪና ጠጋኝ ነው። ጉረኛ። መንገዱን ሙሉ ከእሱ ዓይን የሚደበቅ ብልሽት እንደሌለ ሲነግረኝ ነበር። ክዳኗን ከፈተ። ሞተሯን አስነስቶ አዳመጠ። ሐዲዱን በጣቱ ዳሰሰ። ከሥሯ ገብቶ በጀርባው ተኛ። ወ/ሮ ጽጌ በሩ ላይ ቆመው ወደ ውጭ ያያሉ። ሲወጣ ፊቱ ከፍቶታል።

"ምንም የለባትም" አለኝ በጆሮዬ። "እሱ ነው ያላማረኝ።"

ይሁን ብዬ ለቀብድ ያመጣሁትን አወጣሁ። ወ/ሮ ጽጌ እጃቸውን አልዘረጉም። ቁጭ በይ አሉኝ። ሙሉጌታን ውጭ ጠብቅ አሉት።

መኪናዋን የገዟት ባላቸው የሞቱ ሰሞን ነው። እጅ ሥራ ከያዘ ሐሳብ ይቀላል ብሎ ሰው መክሯቸው። ያላቸውን ሁሉ አወጡ። ጥቁር ለብሰው ስለሄዱ ሻጩ አዘነላቸው፣ ቀነሰላቸው። ቤት ከገባች በኋላ ግን አንድ ቀን አልሰፉባትም። አንሶላውን በገለጡ ቁጥር የሚያዩት ያን ሰሞን ነው። እንዲሁ እንደለበሰች ኖረች።

ታዲያ እኔ ምን አደረግኩ አልኩ። ድምፄ ጠንከር ብሎ ወጣ።

"አንቺ ምንም አላደረግሽም። ግን ለሌላ ሐዘንተኛ አሳልፌ አልሰጣትም። ጥቁርሽን አውልቀሽ ነይ። ያን ቀንም ካማረችሽ ውሰጃት።"

አያት ሰፈር ሱቅ ያለው ነጋዴ ቅዳሜ ከሰዓት ሊያያት ይመጣል። እሱ ካያት ሳይገዛ አይመለስም አሉኝ።

ተናድጄ ወጣሁ። ሙሉጌታ የገዢ ልብስ የምትመርጥ ሻጭ አይቶ እንደማያውቅ እየነገረኝ እስከ ታክሲው ሳቀ። መቼ አወልቀዋለሁ፣ ለምን አወልቀዋለሁ፣ እሳቸውን ምን አገባቸው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ሚካኤል። ከሰዓት።

ኅዳር ሲታጠን ነው። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ ደጅ ያቃጥላል። ጭሱ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ሸፍኖታል። ዓይኔ ያለቅሳል፤ ዛሬ በጭሱ ማሳበብ ይቻላል።

ጎረቤቴ ወርቄ እሳቷን ስትቆሰቁስ የወ/ሮ ጽጌን ነገር አጫወትኳት። ዓመቱ ሲሞላ ጥቁሬን ሊያስወልቁኝ ከመጡት ሴቶች አንዷ እሷ ነበረች። ያኔ ቡና እንኳ ሳላቀምስ መልሻቸዋለሁ። ወርቄ እሳቱን አሳየችኝ። ይኸው ነድዶልሻል፣ ወርውሪው አለች። ስቃ ስታበቃ ደግሞ ኮስተር አለች። አንዴ ካወለቅሽው ግን መልሰሽ እንዳትለብሽው፣ የወለቀ ጥቁር ሌላ ሞት ይጠራል አለችኝ። ይህን እናቴም ትል ነበር። ከንቱ ወሬ ነው።

ያሰብኩትን አልነገርኳትም። ለአንተ ልንገርህ ደብተሬ። ነገ አረንጓዴውን ቀሚሴን ለብሼ እሄዳለሁ። ጥቁሩን በፌስታል እይዛለሁ። ቀብዱን ከፍዬ ስመለስ እለብሰዋለሁ። ማንም አያውቅም።

ማውለቅ አልችልም። ጥቁር ሲያይ ሰው ማን ሞቶብሽ ነው ይለኛል። ያኔ ራሔል እላለሁ። ካወለቅኩት ማን ይጠይቀኛል? ካልጠየቁኝ በምን ምክንያት ስሟን እጠራለሁ?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13።

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

አረንጓዴውን ለበስኩ። ራሔል የሰፋችልኝ ነው። ከስቻለሁ፣ ሰፍቶኛል። ታክሲው ላይ ረዳቱ ጠጋ በሉ እናት ብሎ አንድ ጥግ ላይ ወተፈኝ። ጉርድ ሾላ ላይ መንገዱ ተዘጋጋ። ሰዓቱ ይሄዳል፣ እኛ ቆመናል።

ወ/ሮ ጽጌ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ ፌስታሉን። ምን እንደያዝኩ ጠየቁ። ጎመን ነው ብል ያልፍ ነበር። ጥቁሩ ነው አልኩ።

"መልሰሽ ልትለብሽው?"

ተቀምጬ ፌስታሉን ጭኔ ላይ አደረግኩት።

"ሌላ ልጅ አለሽ?"

"አለኝ። ብሩክ።"

ፌስታሉ ጭኔ ላይ ከበደኝ። የወርቄን ቃል ትናንት ከንቱ ወሬ ነው ብዬ ጽፌልሃለሁ። የብሩክን ስም ከአፌ ካወጣሁ በኋላ ግን ያን ቀሚስ በአንገቴ ማስገባት እንደማልችል አወቅኩ። አመንኩም አላመንኩም፣ በእሱ አልሞክረውም። ላታልል ወጥቼ ራሴን አስወልቄ መጣሁ። የራሴው ተንኮል። ማንም አልያዘኝም፣ ማንም እህቴ ይብቃሽ አላለኝም፣ ታክሲ ተሳፍሬ በእግሬ መጣሁ።

ስልካቸው ጮኸ። ነጋዴው ነው። መንገድ ላይ ነኝ ይላል። ወ/ሮ ጽጌ ስልኩን እንደያዙ አዩኝ።

ተነሣሁ። ልሞክራት አልኩ። የሚወጠር ጨርቅ አላመጣሁም። ፌስታሉን ፈታሁ። ወ/ሮ ጽጌ መቀሱን አቀበሉኝ፤ የቀሚሱን ጎንና ጎን ተረተርኩ። እሳቸው ከአሮጌ ትራስ ጥጥ አወጡ። አንሶላውን ገበር አደረግነው። ለሁለት ሆነን ወጠርነው። ክሩ ነጭ ነበር።

እጀታዎቹን ያዝኩ። መጀመሪያ ጠመመብኝ። ከዚያ ሄደች። በጥጡም በገበሩም አለፈች፣ አላቃሰተችም። መርፌ አልተሰበረም። ከአንገትጌው እስከ ጫፉ ሄጄ ስመለስ ቀሚስነቱ ቀርቶ ነበር።

ወ/ሮ ጽጌ ለነጋዴው ተሸጣለች አሉት። አንሶላቸውን ግን አላስቀሩም። እሱንም ውሰጂው አሉኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15። ጠዋት።

መኪናዋ ዛሬ ትመጣለች። ቤቱን በገመድ ለካሁት፤ የምትገባው በራሔል ክፍል ብቻ ነው፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ። ትናንት ብሩክ አልጋዋን ፈታ። ብሎኖቹን በእጁ ይዞ የት ላስቀምጣቸው አለኝ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። ባለህበት ቆይ አልኩት። እኔም አጠገቡ ቆየሁ።

ወርቄ በአረንጓዴው አየችኝ። መጥረጊያ አንስታ ክፍሉን መጥረግ ጀመረች።

አሁን አንዲት ደንበኛ ደወለች። ሁለት ኮምፎርት ታዛለች፣ ለልጇ ሠርግ። ራሔል? አለች። አቤት ልል አፌን ከፈትኩ።

እናቷ ነኝ አልኩ። ራሔል አርፋለች። አሁን የምሰፋው እኔ ነኝ።

ሴትየዋ ምን ሆና ነው አለች። ራሔል ምን እንደነበረች፣ እጇ እንዴት እንደነበር ልነግራት ቁጭ አልኩ። ገና ስጀምር ደጅ ጥሩምባ ተነፋ። የጭነት መኪናው ነው። ብሩክ በሩን ይዞ ይጠራኛል። ይቆዩ በልልኝ አልኩት፣ ስለ ልጄ እየተጠየቅኩ ነው።