ለመጨረሻው ሩጫ የሚሆን ዘፈን

ጥቅምት 11
ዛሬም ፒያሳ፣ ኤዲቲንግ ክፍል። ማኪያቶዬን ከቀዘቀዘ በኋላ ጠጣሁት። የፊልሙ መጨረሻ ላይ ተጣብቀናል… ልጁ ከምኒልክ አደባባይ ቁልቁል ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ይሮጣል፤ ከሥሩ የሚሰማው ግን የአትላንታ ራፕ! ዳይሬክተሩ ሉልሰገድ ነው የለጠፈው።
"አቦ፣ ይሄ እኮ አራዳ ነው፤ ምን አገናኘው?" አልኩት።
"የሚበልጥ አምጪ፣ ጸሎት። እስከ ሰኞ ካላመጣሽ በኔው እንዘጋለን።"
ሙዚቃ መራጭ ተብዬ ስሜ ሲጻፍ የመጀመሪያዬ ነው። በሰው ምርጫ ስሜ ሊወጣ? ሞቼ ነው!

ጥቅምት 13
ጆሮዬ ሊፈነዳ ነው። የአዳማ ልጆች በኦሮምኛ… ፍጥነታቸው ደስ ይላል፣ ግን ልጁን ጥለውት ይሄዳሉ። የሐዋሳዎቹ ለስለስ ይላሉ፤ ለፍቅር ነው የሚሆኑት። የሰፈራችን ልጆች ደግሞ ወሬ! ትንፋሽ እንኳ አይተዉም።
ከዚያ የሰመረ ዘፈን መጣ። እዚሁ ፒያሳ ያደገ፣ የትግራይ ቤተሰብ ልጅ። ግማሹን በትግርኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ራፕ ያደርጋል፤ ከሥሩ የጓይላ ከበሮ። ረጋ ብሎ ይጀምርና መጨረሻ ላይ ይፈጥናል። ምስሉ ላይ አስገባሁት… የልጁ እግር ከከበሮው ጋር እኩል ወረደ! ሉልሰገድ ከመጀመሪያው አስደገመኝ። እሱ ካስደገመ ወዶታል ማለት ነው። "አስፈርሚው" አለኝ።
ዘፈኑን የስልኬ ጥሪ ድምፅ አደረግኩት። አይሰለቸኝም።

ጥቅምት 15
ሰመረ ጋ ደወልኩ። እህቱ አነሳች። እናታቸው ወይዘሮ አክበረት ትናንት ተቀበሩ… ምን ይባላል?
ለቅሶ መድረስ አለብኝ። የፈቃድ ወረቀቱን ይዤ? ኧረ ነውር ነው! ቤት ይቀመጥ። ዘፈኑም ከቀረ ይቅር።

ጥቅምት 16
ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!
ድንኳን ውስጥ ተቀምጫለሁ፣ ሰው ሁሉ ጸጥ ብሏል… ስልኬ ጮኸ። የሰመረ ዘፈን! ለቅሶ ቤት ውስጥ! ቦርሳዬን ስበረብር ከበሮው መፍጠን ጀመረ። ደዋዩ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሉልሰገድ።
አባትየው አቶ አጽብሐ ቀና አሉ። "ማነው ይሄ?"
ሰመረ አንገቱን ደፋ። ራፕ እንደሚሠራ ለአባቱ ነግሮ አያውቅም ለካ! "እኔ ነኝ፣ አቦይ" አለ በስንት ጭንቅ።
"ድገሚው እስኪ፣ ልጄ።"
ከመጀመሪያው ከፈትኩት። ሰሙ፣ ሰሙና… "አመታቱ የአክበረት ነው" አሉ። ለካ ወይዘሮ አክበረት በየሰርጉ ከበሮ የሚመቱ ሴት ነበሩ፤ ልጁ የተማረው ከእናቱ እጅ ነው። ከዚያማ ድንኳኑ በለቅሶ ተናወጠ። እኔም አይቻቸው ለማላውቀው ሴት ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ጥቅምት 19
ሰመረ ራሱ ደወለ! "አቦይ ፍቀድላት አለኝ። ግን ከአርባዋ በፊት አደባባይ አይውጣ።"
ሉልሰገድ ይጮህብኛል ብዬ ስፈራ፣ "በጾም ማን ሲኒማ ይገባል? ከገና በኋላ እናስመርቀዋለን" አይለኝም! እፎይ… ጥግብ ብዬ በልቼ ተኛሁ።

ጥር 6
ምረቃው ዛሬ ነበር። አቶ አጽብሐ ጥቁር እንደለበሱ መጡ፣ አጠገቤ ተቀመጡ። ሰመረ መቀመጥ አቅቶት በሩ ጋ ቆሟል። ሩጫው ሲጀምር ዓይኔን ከልጁ እግር አልነቀልኩም… ሠራ። በቃ፣ ሠራ!
ከኋላችን አንዷ ለጓደኛዋ "ዘፋኙ ማነው?" ስትል ሰማን። አቶ አጽብሐ በጨለማው ዞር አሉ።
"ልጄ ነው።"
"እሽሽ!" አሏቸው ሰዎች።
"ሰመረ አጽብሐ!" አሉ ጮክ ብለው። "ልጄ ነው!"