የጉርሜሳ ልጆች

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2003

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጌ ሦስት ጊዜ አነበብኳቸው። ያው ነው።

የእኛ፦ ሀዊ፣ ታደሰ፣ በቀለ፣ ቱፋ፣ ገመዳ፣ ጉርሜሳ።
የእነሱ፦ ያሬድ፣ ግርማ፣ ደበሌ፣ ሁንዴ፣ ጉርሜሳ።

ሞክሼ ነው እንዳልል፣ ያሬድ ከሥሩ «የጎሮው፣ ከወንዙ ማዶ» ብሎ ጽፎበታል። ከወንዙ ማዶ የነበረው ጉርሜሳ አንድ ሰው ነው፤ የአያቴ አያት። ሰባት ቤት ሳይሞላ ደግሞ ጋብቻ የለም። እሑድ የያሬድ ሽማግሌዎች ሀዊን ሊጠይቁ ይመጣሉ፤ ሁለቱም ወገን ዘሩን ይቆጥራል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር አበቃ።

ሀዊ የወንድሜ የታደሰ ልጅ ናት። እሱ ሲሞት አራት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ አባዬ የምትለው እኔን ነው። የያሬድን ዝርዝር አምጥታ፣ ጽሕፈትህ ያምራልና ሁለቱንም ገልብጥልን ያለችኝም እሷው ናት። ጥፋቱ የሆቴል ንብረት ክፍል ውስጥ ሃያ ዓመት መኖሬ ነው፤ ዝርዝር ካየሁ ሳላመሳክር አላልፍም።

ድሮ ይህ አይደርስም ነበር። ጎሮ እርሻ ሳለ ማን የማን እንደሆነ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። መሬቱ ለቪላና ለፎቅ ሄዶ ስንበታተን አንዱ ሰሚት፣ አንዱ ገርጂ፣ ሌላው የት እንደገባ እንጃ። ልጆቹ ቦሌ አንድ ቢሮ ተቀጥረው ተዋደዱ። ዘመዳሞች ናችሁ ብሎ ማን ይንገራቸው?

ረቡዕ

ሥራ ቦታ አንሶላ ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ሁለት የተለያየ ቁጥር አገኘሁ።

ያሰብኳቸው፦
ዝም ማለት። (ሽማግሌዎቹ ሲቆጥሩ ይወጣል።)
ለሀዊ መንገር። (አልችልም።)
አክስቴን እማማ ብርቄን መጠየቅ። የአባቴ እኅት ናቸው፤ የጎሮን ሰው ከነሥሩ የሚያውቅ ከሳቸው ሌላ አልቀረም።

ሀዊ የእሑዱን ቀሚስ ለብሳ አሳየችኝ። አረንጓዴ ነው። ጥሩ ነው አልኩ። ፊትህ ምን ሆነ አለች። ጨጓራ ነው አልኩ፤ እሱስ እውነት ነው።

ሐሙስ

ከሥራ ስወጣ ከወሎ ሰፈር በታክሲ ኢምፔሪያል ወርጄ እማማ ብርቄ ዘንድ ሄድኩ። የገርጂው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው፤ ጉልበታቸው እምቢ ካለ ወዲህ ምድር አልረገጡም። ወሬውን ከመሐል ብጀምርባቸው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለው እንደገና አስጀመሩኝ።

ሲሰሙ መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ በሩን ዝጋ አሉኝ።

ሁንዴ የጉርሜሳ የአብራክ ልጅ አይደለም። ከሩቅ አገር የመጣ የጨው ነጋዴ ልጅ ነው። ነጋዴው በበሽታ መንገድ ላይ ሲሞት፣ ጉርሜሳ ሦስት ዓመት የሆነውን ልጅ በጉዲፈቻ ወስዶ ከገመዳ እኩል አሳደገው፤ መሬትም እኩል አካፈለው።

ከደስታዬ ብዛት ጉልበታቸውን ሳምኩ። ደም የለም ማለት ነው! እሳቸው ግን ፊታቸው አልተፈታም።

«ማን ይናገረዋል?» አሉ። «ጉዲፈቻን ልጅ አይደለም ማለት በእኛ ነውር ነው። የያሬድን አያት አባባ ደበሌን በስተርጅና አያትህ አያትህ አይደለም ልትላቸው ነው? እኔ ከአፌ አላወጣውም።»

ደረጃውን ስወርድ ከሁለት ያጣ ጎመን መሆኔ ገባኝ።

ዓርብ፣ ሚካኤል

ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ስመለስ ለሀዊ ነገርኳት። ሁሉንም። አላለቀሰችም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። ቀሚሱን አጥፋ ፌስታል ውስጥ ከተተችው።

እኔ ሄጄ ለአባባ ደበሌ በዘዴ ልንገራቸው አልኳት። በዘዴ እንዴት ይባላል አለችኝ። ቆይታ ደግሞ «ሰው መጥቶ ሀዊ ያንተ አይደለችም ቢልህ፣ በዘዴ ስለሆነ ትስቅለታለህ?» አለች።

ምሳ ሳንበላ ዋልን።

ቅዳሜ

አላስቻለኝም፤ አባባ ደበሌ ዘንድ ሄድኩ። ጎሮ ላይ ከቀረቻቸው ቁራጭ ግቢ ውስጥ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። ከአጥራቸው ማዶ አምስት ፎቅ እየተሠራ ነው፤ የሲሚንቶ ማቡኪያው ጩኸት አያነጋግርም።

በመንገድ ያጠናሁት ንግግር ጠፋብኝ። ስለ ዝናቡ አወራሁ። ስለ ጨጓራዬም አወራሁ። በመጨረሻ የያዝከው ወረቀት ምንድን ነው አሉኝ። ዓይናቸው ፊደል ስለማይለይ አንብበው አሉ።

የነሱን አነበብኩ። የኛን ጀመርኩና ገመዳ ላይ ስደርስ ቆምኩ።

«ጨርሰው እንጂ።»

ጨረስኩት። ማቡኪያው ጸጥ ብሎ ስለነበር በደንብ ሰምተዋል። በከዘራቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉና ነገ እንገናኝ አሉኝ። ምን ያህል እንደሚያውቁ እንኳ ሳላውቅ ተመለስኩ። ምን ዓይነት ፈሪ ነኝ!

እሑድ፣ ጥቅምት 14

ጠዋት እኔና ጎረቤቴ እማማ ብርቄን በወንበር ተሸክመን ከአራተኛ ፎቅ አወረድናቸው። ልባቸው አልችል ብሎ ነው የመጡት።

ሽማግሌዎቹ አምስት ሆነው መጡ። እንደ ወጉ የልባቸው ሳይደርስ አይቀመጡም፤ በር ላይ ቆሙ። አባባ ደበሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ከፊት ናቸው። ከእኛ ወገን የሚናገሩት የቤተሰቡ ታላቅ ጋሽ ለገሠ ናቸው። እንግዲህ ቁጠሩ አሉ።

አባባ ደበሌ ከያሬድ ጀምረው ሁንዴ ላይ ሲደርሱ መቁጠሩን አቆሙ።

«ሁንዴ አባቴ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «የወለደው የሩቅ አገር ሰው ነው፤ ስሙን አላውቀውም። ጉርሜሳ ያሳደገው ነው፤ አልወለደውም። በዚህ ዕድሜዬ ይህን መናገሬ ለልጁ ብዬ ነው።»

ጓዳ በር ላይ የቆመችውን ሀዊን ማየት አልቻልኩም።

ጋሽ ለገሠ ወግ አጥባቂ ናቸው። በእኛ ያሳደገ ወለደ ነው፣ ጉዲፈቻም ወንድም ነው ብለው ጀመሩ። በቃ፣ ቀረ አልኩ በልቤ። እማማ ብርቄ ከወንበራቸው ሆነው አቋረጧቸው።

«ሰውዬው አያቱን አውጥቶ ሰጠ። ከዚህ የበለጠ ምን ጥሎሽ ትፈልጋለህ?»

ጋሽ ለገሠ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። ከዚያ «ተቀመጡ» አሉ።

ተቀመጡ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ።

መኪና ድረስ ስሸኛቸው አባባ ደበሌ ክንዴን ያዙኝ። ወረቀቱ ላይ ግን ጉርሜሳን አትሰርዘው አሉኝ። እሺ አልኩ።

ትክክል ሠራን ወይ? አላውቅም። ሽማግሌ አሳዝነን ነው ሠርግ የምንደግሰው። አሁን ወረቀቶቹ ፊቴ ናቸው። ጉርሜሳን አልሰረዝኩም። የእኛንም ደግሜ አየሁት፤ ሀዊ፣ ታደሰ፣ በቀለ ይላል። የእኔ ስም የለበትም። ሳምንቱን ሙሉ ስቆጥረው ይህን አላስተዋልኩም ነበር።

ሀዊ ከጓዳ ትጣራለች። አባዬ፣ ራትህ ቀዘቀዘ ትላለች።