ዕንባቆም ከመሰከረ ወዲህ

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ወጣሁ። ባሌ ክሊኒኩ በር ላይ ቀድሞኝ ቆሟል። የብየዳ ቱታውን እንኳ አላወለቀም። "የማራኪ አባት፣ ልትታከም ነው ወይስ በር ልትሠራላቸው?" አልኩት። ሳቀ። ይሄን ሳቅ ስንት ዘመን አጥቼው ነበር...

ሲስተር ብርነሽ መጨረሻ ላይ እኔንም አስገባችኝ። እንደ ሁልጊዜው ጠየቀችው።

"በዚህ ሳምንት አማረህ?"

"አማረኝ። ቅዳሜ፣ ገበያው ሲበተን። አረቄ ቤቱ ጋ ሰው ሲሰበሰብ አየሁ።"

"እና?"

"ቤት ሄጄ ለሰሎሜ ነገርኳት። ተቆጣችኝ። ከዚያ እራት ሰጠችኝ።"

ሁለቱም ሳቁብኝ። ይሳቁ። "እስከተናገርክ ድረስ አልሰጋም፤ ዝም ያልክ ቀን ነው የምሰጋው" አለችው። የድብርቱን ኪኒን ማታ ማታ እንዳይረሳ ለእኔ አደራ ሰጠችኝ። ስንወጣ ዝናብ። የሆሳዕና ከተማ ዝናብ መቼም በጥቅምትም አይተወንም።

ጥቅምት 17፣ እሁድ

ወንጌላዊ ጠና ከጉባኤ በኋላ አስቆመን። "ወንድም ዕንባቆም፣ ጌታ ያደረገልህን መደበቅ አይገባም። በሚቀጥለው እሁድ ትመሰክራለህ።"

ዕንባቆም መሬት መሬት አየ። "ወንጌላዊ፣ እኔ እኮ ገና ነኝ..."

"ስንት ወር ሆነህ ከነካህ! ምን ገና አለ?"

እኔ ምን አልኩ? "ይመሰክራል!" አልኩ። ማን ጠየቀኝ? ቤት ስንገባ አኮረፈ። ያኩርፍ። የሰካራም ሚስት ተብዬ የኖርኩት እኔ ነኝ። ሴቶች ኅብረት ስገባ ወሬ ይቋረጥ የነበረው በእኔ ነው። አንድ ቀን እንኳ ቀና ብዬ ብሄድ ምን አለበት?

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ

ሲስተር ብርነሽ አልወደደችውም። "በሃይማኖታችሁ አልገባም" አለች። "ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጨርሻለሁ ካለ፣ ሲያምረው ለማን ሊናገር ነው?"

ደሜ ፈላ። እሷ ኦርቶዶክስ ናት፣ የእኛን ነገር የት ታውቀዋለች ብዬ አለፍኩት። ዕንባቆም አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያል። እንደ ሕፃን።

ጥቅምት 24፣ እሁድ

መሰከረ!

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ቦይ ውስጥ ወድቆ ያደረበትን፣ መናኸሪያ ሰው ሲረግጠው የዋለበትን... እኔ እንኳ የማላውቀውን ተናገረ። ሰው አለቀሰ። መጨረሻ ላይ ወንጌላዊ ጠና ማይኩን ይዞ ጠየቀው፤ "ዛሬስ?"

"ተለቅቄያለሁ።"

"ፈጽሞ?"

ወደ እኔ አየ። ራሴን ነቀነቅኩለት።

"ፈጽሞ።"

ሃሌሉያው! እልልታው! አማቴ እማማ ሊሻን እንደ ልጃገረድ ዘለለች። ያን ሁሉ ዘመን ያሙኝ የነበሩ ሴቶች እያገላበጡ ሳሙኝ፣ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ? እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ማታ ኪኒኑን ስሰጠው "ዛሬ እንኳ ይቅር። ተለቅቄያለሁ ብዬ መጥቼ ኪኒን ስውጥ..." አለ። ይቅር አልኩ። አንድ ቀን ምን አላት?

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ

አልሄደም። ክሊኒኩ ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ተቀምጠው አየና ባጃጁን አስመለሰ። "የተፈወሰ ሰው እዚህ ምን ይሠራል ቢሉኝስ?"

ሲስተር ብርነሽ ደወለች። ሥራ በዝቶበት ነው አልኩ። ዋሸሁ።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

እራት ላይ ሹካውን አስቀመጠ።

"ሰሎሜ..."

"ምን?"

"ትናንት በአረቄ ቤቱ በኩል ሳልፍ... ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ቀረ። ዛሬም አለ።"

"ተው እባክህ! ማራኪ ትሰማለች። ደግሞ ያን ሁሉ ሰው ፊት ፈጽሞ ብለህ የለ እንዴ?"

"ብያለሁ።"

ሹካውን አነሳ። ዝም ብሎ በላ። ማራኪን የቤት ሥራ አሠራት። ነገሩ አለፈ... አለፈ አይደል?

ኅዳር 8፣ እሁድ

ሺንሺቾ ወሰዱት። እዚያም መሰከረ። ወንጌላዊ ጠና "ከመጀመሪያው ይበልጣል፣ ስንት ወጣት ንስሐ ገባ መሰለሽ" ብሎ ነገረኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቦታ፣ ከዚያ ደግሞ ዱራሜ። ባሌ ተፈላጊ ሆነ።

"እንዴት ነበር?" አልኩት።

"ጥሩ ነበር። የሚናገረው ሌላ ሰው ነው። እኔ ከኋላ ቆሜ እሰማዋለሁ።"

ቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁ። ቀልድ አይደለም።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

መሳቢያውን ከፈትኩ። ኪኒኑ እንዳለ አለ። ከመሰከረባት ቀን ወዲህ አንድም አልወሰደም። እኔ ነበርኩ አደራው የተሰጠኝ። መልሼ ዘጋሁት። ዛሬ እነግረዋለሁ ስል ዋልኩ፣ አልነገርኩትም። ደህና ነው እኮ። አልጠጣም። አልተሳደበም። ምን ብዬ ልነሳበት?

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

አበራ፣ ጎረቤቱ በያጅ፣ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ። በምኑ?

"ዕንባቆም እኮ የብየዳ ማሽኑን ሰጠኝ! የብረት መቁረጫ ግራይንደሩንም። ጌታ ይባርካችሁ።"

ክው አልኩ። ቤት ስገባ ጮህኩበት። "ጌታ ማሽን አጣ? ልጅህን በምን ልታበላ ነው?" ቱግ ይል ነበር ድሮ። ዛሬ ፈገግ አለ። "ለእኔ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል? አበራ ይሥራበት" አለ።

ለወንጌላዊ ነገርኩት። "የፊተኛው ፍቅር እንዲህ ነው፣ ሁሉን ያስጥላል" አለኝ። እማማ ሊሻንም ልጄ ቅዱስ ሆነ ትላለች። ሁሉም ደስ ብሎታል። እኔ ብቻ ነኝ ክፉ?

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

ሲጮህብኝ የነበረውን የጓሮ በር አበጀው። የሚያፈሰውን ጣሪያ ደፈነ። ከሰዓት ወንድሙ ቲቶ ዘንድ ሄደ። በመሬት ተጣልተው ስንት ዓመት አይነጋገሩም፤ እግሩ ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠየቀው። ቲቶ እያለቀሰ ደወለልኝ። ማራኪን ጭኑ ላይ አስቀምጦ "እናትሽን ታዘዢ፣ እሺ? ቁጡ ናት እንጂ ክፉ አይደለችም" ይላታል።

እንዲህ ያለ ባል ስጠኝ ብዬ ጌታን ስለምን አልነበር? ድምፁ ለስላሳ ነው። ምንም አያስቆጣውም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር... ምንድን ነው የምፈራው?

ኅዳር 22፣ እሁድ

ከዱራሜ ተደወለ። "ወንድም ዕንባቆም አልደረሰም፣ ጉባኤው እየጠበቀ ነው።" ማለዳ ነው እኮ የወጣው! ብቻዬን እሄዳለሁ ብሎ። ማራኪን ሁለት ጊዜ ተመልሶ ሳማት። ስልኩ ዝግ ነው። ወንጌላዊ ጠና "መኪና ተበላሽቶበት ይሆናል፣ እንጸልይ" ይላል።

ሲስተር ብርነሽ ቤት ልሄድ ነው። ሌላ የማደርገው ጠፋኝ።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

በሕይወት አለ። መጀመሪያ ይሄን ልጻፍ። በሕይወት አለ።

እሁድ ሲስተር ብርነሽ ከቅዳሴ ገና መግባቷ ነበር። ስንት ሳምንት እንደዋሸኋት እያወቀች አንድም አልወቀሰችኝም። ጥያቄ ብቻ። ይተኛል? ኪኒኑንስ? ከዚያ "ዕቃውን ለሰው ሰጥቷል?" አለችኝ።

"ማሽኑን... ለአበራ።"

"የተጣላውን ይቅርታ ጠይቋል?"

"ትናንት። ወንድሙን።"

ፊቷ ተለወጠ። ያኔ ገባኝ። ቅድስና ያልነው ሁሉ ስንብት ነበር! ቤቴን እያበጀልኝ፣ እየተሰናበተኝ...

"መኪና ፈልጊ" አለች። ቲቶ ሚኒባሱን አመጣ። መንገዱን ሙሉ እየወረድን ሰው ጠየቅን። አዲሎ ላይ አንድ ረዳት አወቀው፤ "እኛ ጋ ነው የተሳፈረው፣ እዚህ አውርዱኝ ብሎ ወረደ።" አልጋ የሚያከራዩበትን ቤት ሁሉ አዳረስን። የአንዱ ቤት ባለቤት "አረቄ ይዞ ገባ፣ አትቀስቅሱኝ ብሏል" አለች። ቲቶ በሩን በትከሻው ገነጠለው።

ያየሁትን አልጽፍም።

ዱራሜ ሐኪም ቤት አደረስነው። ሐኪሙ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ብሎ አልጨረሰውም። ትናንት ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ ያለው "ለምን መጣችሁ?" ነው። ሲስተር ብርነሽ እጁን ይዛ "ከቀጠሮ ቀርተህብኝ ነዋ" አለችው። እንባው በጆሮው በኩል ወረደ።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

ቤት ገባን። ጠያቂው ከግቢው ተረፈ። ወንጌላዊ ጠና ወደ ማድቤት ጠራኝ። ዓይኑ ቀልቷል፤ እሱም ሲያለቅስ ነው የሰነበተው።

"እህት ሰሎሜ፣ ታይፎይድ ነበር በይ። ለወጣቶቹ መሰናከያ እንዳይሆን። ሲሻለው ደግሞ በገና ጉባኤ ይቆማል። ከሞት አፋፍ መመለሱን ይመሰክራል።"

"ደግሞ ሊመሰክር?"

"እኔ እኮ መድኃኒት አቁም አላልኩትም።"

እውነቱን ነው። ማንም አላለውም። በመኝታ ቤቱ መጋረጃ በኩል አየሁት፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። እንደገና መድረክ ላይ ሲያወጡት ታየኝ። እንደገና ፈጽሞ ሲያስብሉት። ከዚያ እንደገና አንድ በር ስንገነጥል... ያን ጊዜ ባንደርስስ?

ሳሎን ገብቼ ቆምኩ። "ወገኖቼ፣ ታይፎይድ አይደለም" አልኩ። "ባሌ አልዳነም። በሽተኛ ነው። አረቄው ሲያምረው ሊነግረኝ ነበር፣ አፉን ዘጋሁት። ራሱን ሊያጠፋ ሲል ነው የደረስንበት። ማክሰኞ ማክሰኞ ክሊኒክ ይሄዳል። መንገድ ላይ ስታዩት ሰላም በሉት። ሌላ ምንም አንፈልግም።"

ብርጭቆ አስቀምጠው አንድ አንድ እያሉ ወጡ። እማማ ሊሻን ሻሽዋን ፊቷ ላይ ጥላ በሀዲይኛ አንድ ነገር ብቻ አለች፤ ልጄን በቁሙ ቀበርሽው።

ዕንባቆም ከመጋረጃው ወዲያ "አዋረድሽኝ" አለ። ሳልጠይቀው ይመሰክራል አልኩ፣ ሳልጠይቀው ደግሞ አፈረስኩበት። ግን ከሞት ውርደት ይሻላል። ይጥላኝ፣ በሕይወት ይኑርና ይጥላኝ።

ታኅሣሥ 1፣ ማክሰኞ

ሄድን። ባጃጅ ውስጥ አላናገረኝም። ሻይ ቤቱ ውስጥ ያሉት ዞረው አዩን፣ አንድም ሰላም ያለ የለም። ሲስተርንም አላናገራትም፤ ጫማውን ሲያይ ቆይቶ ወጣ። "መጥቶልኛል፣ ለዛሬ ይበቃኛል" አለችኝ።

ኪኒኑን አሁን በእጄ ነው የምሰጠው። የመኝታ ቤቱን ቁልፍ ከበሩ ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ። ክፍል ውስጥ ሳስተምር ስልኬ ሲጠራ ጠመኔው ከእጄ ይወድቃል።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

አበራ ማሽኑን በጋሪ ጭኖ መለሰ። "ሥራ ይዞኛል፣ ብቻዬን አልቻልኩም፣ ና እንጂ" አለው። ዕንባቆም ማሽኑን ሸራ አልብሶ ገባ። ዝምታው ያስፈራኛል። የድሮው ስድቡ ናፈቀኝ ብል ማን ያምነኛል?

ታኅሣሥ 10፣ ሐሙስ

ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ላብ በላብ ሆኗል። እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከቷል። እማማ ሊሻን ጓሮ ሆና በሩቁ ታየዋለች።

ተጠግቼ ትንፋሹን አሸተትኩ። ምንም የለም።

"የት ነበርክ?"

"አረቄ ቤት።"

ልጮህ አፌን ከፈትኩ... ዘጋሁት። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ገብቼ ተቀመጥኩ። ሴትየዋ ቀዳችልኝ። ብርጭቆውን ያዝኩት። ከዚያ... እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም።" ቀና ብሎ አየኝ፤ ከአዲሎ ወዲህ ገና ዛሬ ማየቱ ነው። "ሰሎሜ፣ አልጠጣሁም። ግን ነገ እጠጣ ይሆናል። ያኛውም ሐሳብ ይመጣብኛል። ጠዋት መጥቶብኛል። እፈራለሁ።"

"እኔም እፈራለሁ" አልኩት።

"ሲስተር የምታየኝ ማክሰኞ ነው።"

"ማክሰኞን ማን ይጠብቃል! ተነስ።"

ያን ቀን ከተናገረችው ወዲህ ያኮረፈችኝ እማማ ሊሻን ጃኬቱን ይዛ መጣች። "ሂዱ፣ ማራኪን እኔ አለሁላት" አለች። ፊቴን ግን አላየችም። ባጃጅ አልጠበቅንም። በዋናው መንገድ፣ በሻይ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ክንዱን ይዤ ወሰድኩት። ያየ ይይ።

አሁን ይሄን የምጽፈው ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው። ሲስተር ብርነሽ ሌላውን ታካሚ ይቅርታ ጠይቃ አስገባችው። በሩ ተዘግቷል። ምን እንደሚል አልሰማም፣ ድምፁን ብቻ ነው የምሰማው። እያወራ ነው። አላቆመም።