ወፍጮዬን የቀደመችው መኪና

ግንቦት 12፣ ሰቆጣ

የእህቴ ባል ዛሬም ያቺን የኤሌክትሪክ መኪናውን ወፍጮ ቤቴ ደጅ ገተራት። ሁለት የመኪና ፋብሪካዎች ተጣምረው ዋጋዋን ስላረከሱት ነው የገዛት፤ ወሬው ሁሉ እሱ ነው። ጠፍቶ የሰነበተው መብራት ሲመጣ፣ ወፍጮውን ሳላስነሳ ቀድሞኝ ሰካት። መስመሩ ሁለቱን ባንድ ላይ አይችልም።

ከፃግብጂ ድረስ ማሽላ ተሸክመው የመጡ እናት ወረፋ ይዘው ነበር። «ልጄ፣ እሷ ደግሞ ምን ልታስፈጭ መጣች?» አሉኝ መኪናዋን እያዩ። አፈርኩ።

«ዘመድ አይደለሁም? ትንሽ ቻርጅ ላድርጋት» ይለኛል ያ ደረቅ! ነቀልኩበት። አኩርፎ ሄደ።

የእናትየዋን ጆንያ ገና ስፈታ መብራቱ ድርግም አለ። ፋብሪካዎቹስ ተጣመሩ፤ እኔ ከማን ጋር ልጣመር? እናትየዋ ዱቄት ሳልይዝ ቤቴ አልገባም ብለው ጆንያቸው ላይ ተቀምጠዋል። ይኸው እስካሁን አልተነሱም።