የጠያቂዋ ፈታይ የወይዘሮ ተናኘ ወልዴ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ተናኘ ወልዴ ከአባታቸው ከአቶ ወልዴ አስፋው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸዋወርቅ ገብሬ ኅዳር 12 ቀን 1953 ዓ.ም. በደሴ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ከአሰብ መንገድ ሲመለሱ ሌሎቹ ልጆች የተገዛላቸውን ሲጠብቁ፣ ተናኘ የሚጠብቁት ወሬ ነበር። ባሕሩ ለምን ጨው ሆነ፣ መኪናው ዳገት ላይ ለምን ያቃስታል እያሉ አባታቸውን እንቅልፍ ይነሷቸው ነበር። ዕድሜያቸው ሲደርስ እዚያው ደሴ ትምህርታቸውን ተከታተሉ። አንድ መምህራቸው "ዛሬ እንኳ እኔ ልጠይቅ" ብለዋቸው ክፍሉ በሙሉ መሳቁን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እያጫወቱ ይስቁ ነበር።

በ1974 ዓ.ም. በነበረው ችግር አገራቸውን ለቀው ሱዳን ገቡ። ካርቱም በሰው ቤት እየሠሩ ሳለ ከአቶ ኪራኮስ በየነ ጋር ተዋውቀው በ1978 ዓ.ም. ጋብቻ ፈጸሙ። ሽማግሌ የሆኑላቸው እዚያው ያገኟቸው ስደተኞች ነበሩ፤ የሁለቱንም ቤተሰብ የሚያውቅ ሰው በሠርጉ ላይ አልነበረም። በ1981 ዓ.ም. ወደ ካናዳ መጥተው ካልጋሪ ላይ ኑሯቸውን መሠረቱ። አቶ ኪራኮስ ኦግደን በሚባለው የባቡር ጥገና ሲቀጠሩ፣ ወይዘሮ ተናኘ በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ለረጅም ዓመታት ሠሩ። ልጆቻቸውን ውዳሴንና ማትያስን ያሳደጉት ኤሪን ውድስ ሰፈር ባለው ቤታቸው ነው።

በ1999 ዓ.ም. ለፋሲካ በግ ለመግዛት ከጎረቤቶቻቸው ጋር ከከተማው በስተ ምሥራቅ ወዳለ እርሻ ሄዱ። ባለቤቷ ዶሪን የተባሉ አሮጊት ነበሩ። ሌሎቹ በግ ሲመርጡ ወይዘሮ ተናኘ ከጎተራው ጀርባ የተሸለተ ጠጉር በጉድጓድ ተከምሮ አዩ። ለምን እንደሚጣል ጠየቁ፤ ዶሪንም የሚፈልገው ሰው እንደሌለ ነገሯቸው። እሳቸው ግን በሁለት ከረጢት አጭቀው ወደ ቤት ይዘውት መጡ። በመታጠቢያ ገንዳ፣ በፈላ ውኃ፣ እንደ ሆስፒታል አንሶላ አሽተው አጠቡት። ጠጉሩ እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ጫማ ሶል ደረቀ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ይተወው ነበር። እሳቸው ግን በሳምንቱ ያንኑ የደረቀ ነገር ይዘው ለምን እንዲህ እንደሆነ ሊጠይቁ ወደ ዶሪን ተመለሱ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እዚያ ነበሩ። ማጠብን፣ ማበጠርን፣ በእግር በሚዘወር መፍተያ መፍተልን ከዶሪን ተማሩ። ዶሪንም ጉልበታቸው ሲደክም በ2004 ዓ.ም. ጎተራውንና ዙሪያውን ያለውን መሬት ለቀቁላቸው። በጎቹ ላይ የግመል ዘመድ የሆኑ አልፓካዎች ተጨመሩ። ወይዘሮ ተናኘ እንደ ሰው የሚተፉት እነዚህ እንስሳት ሲቆጡ ጆሯቸው ምን እንደሚመስል ለእንግዳ ሁሉ ሳያስረዱ አያሳልፉም ነበር።

የቅዳሜው የፈትል ክላስም በዚያው ተጀመረ። ከቤተ ክርስቲያን ማኅበርተኞቻቸው ጋር፣ ከጴንጤዎቹ ደቦራ፣ ከሰፈር ሩቂያ፣ ከከተማው ደግሞ ሹራብ የሚሠሩ ፈረንጆች መጡ። ወይዘሮ ተናኘ አዲስ ለመጣ ሰው ከማስተማራቸው በፊት "በእናንተ አገር ይህን ማን ይሠራዋል?" ብለው ይጠይቁ ነበር። አንዳንዴ መልሱ ረዝሞ ፈትሉ ሳይነካ ይመሻል።

አቶ ኪራኮስ ግን ወደ ጎተራው አይገቡም ነበር። ባለቤታቸውን አድርሰው በመኪና ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ወይዘሮ ተናኘ የጠጉሩን ሽታ ጠልተው ይመስላቸው ነበር።

በ2007 ዓ.ም. ክረምት አንድ ሰው አሮጌ የሽመና ዕቃ ሰጣቸው። ድሩን ሊወጥሩ ብዙ ሞከሩ፤ አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላው ይላላል፣ ክሩ ይተበተባል። አንድ ቀን አቶ ኪራኮስ ከሺፍት መልስ ሊወስዷቸው መጥተው መኪናው ውስጥ ቢጠብቁ ቢጠብቁ አልወጡ አሏቸው። በር ላይ መጥተው ቆሙ። የተተበተበውን ክር አዩና ተነሽ አሏቸው። ጓንታቸውን አውልቀው ተቀመጡ። እጃቸው ሳይጠራጠር ክሩን አንድ በአንድ ፈታ፣ ወጠረ፣ አሰረ።

ወይዘሮ ተናኘ ማን እንዳስተማራቸው ጠየቁ።

"አባቴ ሸማኔ ነበር" አሉ አቶ ኪራኮስ ቀና ሳይሉ። "በዚያ ስም ተሰድቤ ነው ያደግኩት። ሲሞት ክር ላልነካ ማልኩ።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርከኝም?"

"አልጠየቅሽኝማ።"

የባሕሩን ጨው፣ የአልፓካውን ጆሮ የጠየቁት ሴት አጠገባቸው የተኛውን ሰው አባትህ ምን ነበር ብለው አልጠየቁም ነበር። ይህ ነገር በጣም ከነካቸው የተነሳ ያን ዕለት ወደ ቤት አልቸኮሉም። ወለሉ ላይ ተቀምጠው ስለማያውቋቸው አማታቸው ጠየቁ፤ ምን ይበሉ እንደነበር፣ ሲሠሩ ያንጎራጉሩ እንደሆነ፣ እጃቸው ምን ይመስል እንደነበር። አቶ ኪራኮስም ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አባታቸው ተናገሩ፤ አለቀሱም። ወራት ቆይተው አንድ ቅዳሜ በሴቶቹ ሁሉ ፊት "የሸማኔው የበየነ ልጅ ነኝ" ብለው ሽመና ማስተማር ጀመሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ቀርተው አያውቁም።

ወይዘሮ ተናኘ በ2017 ዓ.ም. በጉበት ካንሰር ታመሙ። ሐኪሞቹን ስለ ራጅ ሥዕሉም ስለ መድኃኒቱም ጠየቁ፤ ነርሶቹንም ስለ እናቶቻቸው። በዚያው ክረምት ከማሳ ዳር ካለ ቋጥኝ ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚበቅለውን የድንጋይ ሽበት ቀርፈው፣ ቀለም ይወጣው እንደሆነ ለማየት በማሰሮ ዘፍዝፈው ነበር። ነገሩ በየቀኑ መናወጥ ስለሚፈልግ ማትያስ ከሚኖርበት ከሳቫና ሰፈር ወደ ጎተራው እየነዳ ይሄድ ነበር። ሆስፒታል ሲገቡም ከሕመማቸው ይልቅ የማሰሮው ነገር ያሳስባቸው ነበር። በመጨረሻ ውዳሴና አባቷ አንድ ልቃቂት ፈትል ነክረው አድርቀው አመጡላቸው።

"ምን ወጣ?" አሏቸው ገና በሩን ሲያልፉ።

ሐምራዊ ነበር። ወደ መስኮቱ አቅርበው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። "ከዚያ ግራጫ ድንጋይ ይህ እንዴት ወጣ?" አሉ። የሚመልስላቸው አልተገኘም፤ እሳቸውም በዚህ ደስ አላቸው።

ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ቤተሰቦቻቸው በተሰበሰቡበት በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን አቶ ኪራኮስን፣ ልጆቻቸውን ውዳሴንና ማትያስን፣ የልጅ ልጃቸውን አርያምን፣ ደሴ የሚገኙትን እህታቸውን ወይዘሮ ሙሉን እና የቅዳሜ ወዳጆቻቸውን ትተው አልፈዋል።

ዛሬ ሣጥናቸውን የሸፈነውን ጨርቅ አቶ ኪራኮስ ሠርተውታል፤ ጠርዙ ላይ ያለው ሐምራዊ ጥለት ያ ፈትል ነው። ለመጠየቅ ያልደከሙትን እናታችንን፣ መልስ ሁሉ በእርሱ ዘንድ ያለ አምላክ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። ለእኛም ልብ የሚያስችል መጽናናትን ይስጠን። አሜን።