የስለቱ እንቁላል

ቻንዊት፣

ሩዙ ድስቱ ውስጥ አለልህ፣ አሙቀው። ቁልፌን ለአከራያችን ሰጥቻለሁ። የመሮጫ ጫማህን ዝናብ ሳይመታው አስገብቼልሃለሁ።

ጠዋት እንቁላል ሻጯ ያዘዝከውን መቶ እንቁላል ይዛ መጣች። «ጓደኛህ የአየር ኃይል መኮንንነት ፈተናውን አለፈ አይደል! በል ስለቱን ቶሎ ያስገባ፣ እንኳን ደስ አላችሁ!» አለችኝ።

«እንኳን አብሮ ደስ አለን» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

«እናቴን አሟታል፣ ዘንድሮ ይቅርብን፣ ለከርሞ አብረን እንፈተናለን» ያልከኝ አንተ ነህ። እኔም ጅሉ፣ ጥዬህ አልሄድም ብዬ ሳልመዘገብ ቀረሁ። ለካ አንተ ተፈትነህ፣ መቅደስ ገብተህ፣ «ካለፍኩ መቶ ቅቅል እንቁላል» ብለህ ተስለሃል። ለቡድሃ የነገርከውን ለእኔ መንገር ከበደህ?

እናትህ ጋ ደወልኩ፣ ተሻላቸው ወይ ልል። ገበያ ውስጥ ሆነው ስልኩን አነሱት። «ምን ሆኜ?» አሉኝ።

ተወው።

የሒሳብ መጽሐፋችንን ወስጄዋለሁ። አንተ ጨርሰህበታል፣ እኔ ለከርሞ እፈልገዋለሁ።

እንቁላሎቹን ቀቅዬልሃለሁ። ስለት ተስሎ ማስቀረት ጥሩ አይደለም፤ ነገ አብራሪ ትሆናለህ፣ ሰማይ ላይ ጣጣ እንዳይመጣብህ።

ዘጠና ዘጠኝ ናቸው። አንዱን እኔ በልቼዋለሁ። መቅደስ ስትንበረከክ ቡድሃ «አንዱስ የት ገባ?» ቢልህ፣ ለእሱ እንኳ እውነቱን ንገረው።

ዴቻ