አዲሱ ሜሞሪ ያተረፋት አንድ ሰከንድ

ጥቅምት 19 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን የሪከርድ ክፍል ኃላፊ ለአቶ ገብረወልድ
ሚዛን ተፈሪ

ጉዳዩ፦ ላፕቶፕ ላይ ፈጣን ሜሞሪ ማስገባት ዋጋ አለው ወይ ለሚለው ጥያቄዎ መልስ ስለመስጠት

ጋሽ ገብረወልድ፣ ከነመላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰነበቱ? ከስብሰባ ስብሰባ መመላለስ ሰውን ስለሚጎዳ ጤናዎ አሳስቦኝ ነው የከረምኩት። እኔ በረንዳዎ ላይ በመቆም ካበጠው እግሬ በስተቀር ደህና ነኝ።

ከረሱኝ፣ አምና ከሒሳብ አስተማሪዬ ጋር ተጣልቼ ከዘጠነኛ ክፍል ደብተሬን ጥዬ የወጣሁት ንጋቷ ነኝ። አሁን አማን ከተማ፣ ኢሳይያስ ሱቅ ሞባይልና ላፕቶፕ እጠግናለሁ። ቴፒ ከተማ የኤሌክትሮኒክስ ሥልጠና ለመግባት የስምንተኛ ክፍል ትራንስክሪፕቴን ከጠየቅኩዎት ዛሬ አምስት ሳምንት ሆነ። ምዝገባው ከነገ ወዲያ ዓርብ ይዘጋል። በመጣሁ ቁጥር «የኔ ልጅ፣ ኮምፒውተሩ እየተንቀራፈፈ አስቸገረን፣ ፈጣን ሜሞሪ እስኪገባለት ታገሺ» እያሉ እንደ አባት ስለሸኙኝ አመሰግናለሁ። ሌላውን ምስጋናዬን እንዳይምታታብኝ በቁጥር ላስቀምጠው።

1. ሜሞሪውን ከመግዛትዎ በፊት ዋጋ አለው ወይ ብለው ኢሳይያስን ስላስጠየቁ፣ እሱም «ለዚህ ላፕቶፕ የለውም» ካለዎት በኋላ ስለገዙ አመሰግናለሁ። ምክር ጠይቆ መተውም ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

2. እኔም ያልተጠየቅኩትን ልጨምር። ሜሞሪው ፈጣን ነው፣ ይህ አይካድም። የላፕቶፑ ቦርድ ግን አሮጌ ስለሆነ የሚያስኬደው በድሮው ፍጥነት ነው። አዲስ አይሱዙ ገዝቶ በክረምት የቴፒ መንገድ ጭቃ ውስጥ እንደመግባት ይቁጠሩት፤ መኪናው አዲስ ነው፣ መንገዱ ግን ያው ነው። ሜሞሪው አንሶት ቢሆን መጨመሩ ይጠቅመው ነበር፤ የእርስዎ አላነሰውም። የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው በአዲስ ላፕቶፕ ትንሽ ለውጥ ያይ ይሆናል። ስምና ውጤት ለሚጽፍ ግን ምንም አይፈይድም።

3. ሰኞ ዕለት ሱቁ ሜሞሪውን እንድገጥም እኔኑ ላከኝ። ሲያዩኝ «አንቺ ነሽ እንዴ? ባለሙያ ላኩ ብለን ነበርኮ» ስላሉኝ ክብር ተሰምቶኛል። ገጥሜ ስጨርስ «የተማሪዎቹን ፋይል ከፍተሽ ሞክሪው» ብለው ወደ ስብሰባ ሄዱ። ሞከርኩት። በድሮው ሜሞሪ በአሥራ አንድ ሰከንድ ይከፈት የነበረው በአሥር ሰከንድ ተከፈተ። ላተረፉልን አንድ ሰከንድ የሚዛን ሕዝብ ያመሰግንዎታል።

የተከፈተው ፋይል ውስጥ ግን የእኔ ትራንስክሪፕት ነበር። ውጤቱ ሞልቷል፣ ፎቶዬ ገብቷል፣ ከሥሩ «ተጠናቋል፣ መስከረም 16» ይላል። በጠየቅኩ በሁለተኛው ቀን ማለት ነው። ማተሚያው በርቷል፣ ወረቀቱም አፉ ላይ ነበር።

ጋሽ ገብረወልድ፣ አላተምኩትም። የእኔ እጅ የሚያወጣው ወረቀት ያለ እርስዎ ማህተም ቴፒ ላይ ምን ይሠራልኛል? ሰው ሁሉ ንጋቷ ቁጡ ናት ይላል፤ እኔም አልክድም። የዚያን ቀን ግን መቆጣቱም አቃተኝ፤ ወንበርዎ ላይ ቁጭ ብዬ ፎቶዬን ሳየው ቆየሁና ዘጋሁት።

4. ማህተሙን እንዳይጠፋ ኮትዎ ኪስ ውስጥ ይዘውት ስለሚዞሩ አመሰግናለሁ። በየስብሰባው አብሮዎት እየተቀመጠ ብዙ ሳይማር አይቀርም። እኔ አልተማርኩም፤ እኔን የሚያስተምረኝ ቴፒ ነው፣ እሱም ዓርብ በሩን ይዘጋል።

እንግዲህ መልሴ ይኸው ነው፦ ሜሞሪውን መቀየር ዋጋ አልነበረውም። የዘገየው ላፕቶፑ አይደለም። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እመጣለሁ፤ ማህተሙን አንድ ጊዜ ብቻ ተጭነው ከሰጡኝ የአራት ሰዓቱ መኪና ይደርስልኛል።

ለሰጡኝ የአምስት ሳምንት የትዕግሥት ትምህርት ውለታዎን መመለስ የማልችል፣ ወንበርዎ ባዶ ሆኖ ስታየውም ከመቀመጫዋ ተነስታ እጅ የምትነሳ ታዛዥ ልጅዎ፣

ንጋቷ ማቴዎስ
ከአማን

ግልባጭ፦
ለበረንዳው ግድግዳ

ማሳሰቢያ፦ ፋይሉ ውስጥ ከእኔ ሌላ «ተጠናቋል» የተባለላቸው አሥራ ስድስት ሰዎች አሉ። የሰው ጉዳይ ስለሆነ ስማቸውን አልጻፍኩም። ይህን ግድግዳው ላይ ስለጥፍ ግን በረንዳዎ ላይ የቆሙትን ቆጠርኩ፤ አሥራ ስድስት ናቸው። ሁሉም ማንበብ ይችላሉ፤ እዚሁ ግቢ ነው የተማሩት።